«የናፈቃችሁት ወጣትነታችሁን ነው» ላልከን ወንድሜ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ በስልኬ ላከልኝ፣ «ስላንተ ነው የጻፈው፣ አንብበው» ብሎ። አነበብኩት። ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ሦስተኛውን ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ በሩን ገርበብ አርጎ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ላቤን እየጠረግኩ። የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው፣ አማርኛው ይፈሳል፣ ከአነጋገሩ ወጣት ይመስለኛል። ስሙን አላነሳም፣ ክርክሬ ከሃሳቡ ጋር እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፣ አምስት ነገር ነው የሚለው። በ70ዎቹና በ80ዎቹ ያደግን ሰዎች «የድሮ ዘፈን» እያልን የምንብሰለሰለው ለዘፈኑ ሳይሆን ላለፈው ወጣትነታችን ነው፣ ይሄ አንድ። የፈረንጁን ፖፕና ሮክ የሰማነው ቃሉ ሳይገባን ነው፣ ስለዚህ ሙዚቃ መውደድ ሳይሆን ፈረንጅ ለመምሰል ነበር፣ ሮክም ለኛ ባዕድ ነው፣ ሁለት። እነዛው ፈረንጆች በ77ቱ ድርቅ አገራችንን ለማኝ አርገው ዘፍነውባታል፣ እነሱን መናፈቅ ውርደት ነው፣ ሦስት። ሙዚቃ የሚሠራው አዲስ አበባ ነበር፣ ክፍለ ሀገር ተቀባይ ብቻ ነው፣ ድሬዳዋንማ ስሟን ጠርቶ «የካሴት መጋዘን» ብሏታል፣ አራት። የመጨረሻው ደሞ ካሴት ማለት ድምፁ የተበላሸ ነገር ነው፣ ዛሬ ሁሉም ስልክ ውስጥ አለ፣ እጥረትን የሚናፍቅ ሰው ምን ይባላል ይላል።

አቦ ወንድሜ፣ እንደ ድሬ ልጅ ፊት ለፊት ልመልስልህ።

የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ስለሚለው እውነት ይመስላል። ግን የማንን ወጣትነት ነው የምታወራው? እኔ የ63 ልጅ ነኝ። ጎረምሳ በሆንኩበት ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር ነበር፣ አፈሳ። እናቶቻችን ሲመሽ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡ ነበር፣ የማያውቅ ሰው ነፋስ ሊቀበሉ ነው የወጡት ይላል፣ እኛን ሊጠብቁ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን አንድ ሰኞ ሳይመጣ ቀረ፣ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም፣ መጠየቅ እንደሌለብን በ14 ዓመታችን እናውቅ ነበር። ስኳር በቀበሌ፣ ሳሙና በቀበሌ፣ እሁድ እንኳን ስብሰባ አለ። ያንን ወጣትነት መልሰህ ብትሰጠኝ አልወስድልህም። ዘፈኑን ግን እወስዳለሁ። ታዲያ ሁለቱን እንዴት አንድ አረግካቸው?

ደሞ ናፍቆቴ የወጣትነት ቢሆን ኖሮ ያኔ የሰማሁት ሁሉ እኩል ይናፍቀኝ ነበር። አይናፍቀኝም። ቦኒ ኤምን ውሰድ፣ በኛ ሰፈር ሰርግ ያለነሱ አይደምቅም ነበር፣ ጉልበታችን እስኪከዳን ጨፍረንባቸዋል፣ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው መድረክ ላይ እንደዛ የሚዘለው ሰውዬ ድምፁ ካሴቱ ላይ እንደሌለ፣ የወንዱን ድምፅ የዘፈነው ራሱ ጀርመናዊው ፕሮዲውሰር ፍራንክ ፋሪያን እንደሆነ ያወቅኩት። በዛ ተናድጄ አይደለም የተውኩት። ዛሬ ስከፍተው በሁለተኛው ደቂቃ ይሰለቸኛል፣ ከነትዝታው ይሰለቸኛል፣ በቃ።

የማይክል ጃክሰንን የ1982 (እ.ኤ.አ.) «ትሪለር» ስንወስድ ደሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዛ ውስጥ አንዱ ዘፈን መሀል ላይ የሮክ ጊታር ሶሎ አለ፣ የኤዲ ቫን ሄለን። ልጅ ሆኜ ያቺን ቦታ አልወዳትም ነበር፣ ጩኸት ትመስለኝ ነበር፣ ወደ ጭፈራው እስኪመለስ ነበር የምጠብቀው። 40 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው አንድ ቀን በጥሩ ማዳመጫ ሰምቻት ከተጋደምኩበት ብድግ ያልኩት። ያኔ እኮ አሜሪካ ውስጥ የጥቁር ሙዚቃና የነጭ ሮክ በየሬዲዮ ጣቢያው ለየብቻ ነበር የሚኖረው፣ የአልበሙ ፕሮዲውሰር ኩዊንሲ ጆንስ ያንን ጊታሪስት ጠርቶ እዛ አልበም ላይ ሲያስገባው ምን እንዳረገ የገባኝ ያን ቀን ነው። ጥላሁን ገሠሠም እንደዛው ነው፣ በልጅነቴ የአባቴ ዘፋኝ ነበር፣ የኔ የሆነው እኔም አባት ከሆንኩ በኋላ ነው። በወጣትነቴ ያልነበረኝን ፍቅር በጎልማሳነቴ ካገኘሁት ወጣትነቴ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ የጎዳኝ እሱ ስለሆነ። ቃሉ ሳይገባህ የሰማኸው ዘፈን ማስመሰል ነው አልክ። ድሬ መጥተህ ታውቃለህ ግን? እናቴ ሂንዲ አንድ ቃል አታውቅም ነበር፣ የህንድ ፊልም ዘፈን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታንጎራጉረዋለች፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ከነማርገብገቡ። ሐረር ጁገል ውስጥ የነበረችው አክስቴም እንደዛው። ሶማሌ ጎረቤታችን አማርኛዋ ገበያ ላይ ከመደራደር አያልፍም፣ ማህሙድ አህመድ ሲጀምር ግን የያዘችውን አስቀምጣ ነው የምትሰማው። መጋላ ሻይ ቤት ተቀምጠህ ፈጢራህን እስክትጨርስ አረብኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አደርኛ ዘፈን በየተራ ይመጣልሃል፣ ከተቀመጠው ሰው ሁሉም ቋንቋ የሚገባው ስንት ነው? እናቴን «ህንድ ለመምሰል ነው» ያላት ሰው አላውቅም። ጆሮ ወንጀለኛ የሚሆነው እንግሊዝኛ ሲሰማ ብቻ ነው እንዴ?

ደሞ ቃሉን ለማወቅ ያልሞከርን አይምሰልህ። ደብተር ነበረን። አንድ መስመር ሰምተህ ቴፑን ታቆማለህ፣ የሰማኸውን በአማርኛ ፊደል ትጽፋለህ፣ ወደ ኋላ ትመልሳለህ፣ እንደገና ትሰማለህ፣ ትሰርዛለህ። የቤታችን ናሽናል ቴፕ ማቆሚያው ቁልፍ ላይ የነበረው ጽሑፍ በኔ ጣት ነው የጠፋው። አንዱን ዘፈን ለመጨረስ ሳምንት ይፈጃል፣ ከዛ ያንን ደብተር ይዘን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋ እንሄዳለን፣ እሱ የጻፍነውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ቃሉ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምታል፣ ከስሩ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፍልናል። አሁን ሥራዬ ላይ የምጠቀምበትን እንግሊዝኛ ግማሹን ከዛ ደብተር ነው ያገኘሁት። ማስመሰል የፈለገ ሰው ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ላይ አይለፋም።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገርህ። ጎረቤታችን ነበር፣ ከኔ በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ ስሙን ለናቱ ስል አልጽፍም። ቀን ጋራዥ ነው የሚውለው፣ እጁ ከግሪስ ጠርቶ አያውቅም፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ሰርግ ላይ ጊታር ይመታል። የጊታሯ ክር ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይፈታና ከውስጡ አንዷን ቀጭን መዝዞ ይወጥራታል፣ ጣቱን ይቆርጠዋል፣ ግድ የለውም። አንድ ቀን ከጅቡቲ በባቡር ከመጣ ዕቃ ውስጥ አንድ ካሴት አገኘ። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም በላቲን ተጽፏል፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች የከተማችን ስም ሲጻፍ እንዳሉት ናቸው፣ አንድም ፊደል ልዩነት የለውም። ድሬ! ሰፈሩ ተሰበሰበ። «ድሬ ስትሬትስ» ብለን አነበብነው፣ ስለኛ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ብለን ለረጅም ጊዜ አምነናል። ዳየር ስትሬትስ እንደሚባሉ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ እንደተቋቋሙ፣ ስሙም እንግሊዝኛ ሆኖ ክፉ ችግር ውስጥ መውደቅ ማለት እንደሆነ፣ ገንዘብ አጥተው በነበረ ጊዜ እንደወጣላቸው ያወቅነው በኋላ ነው።

ያ ልጅ ከዛ ካሴት አንዷን ዘፈን ያዘ። «ሰልታንስ ኦፍ ስዊንግ» የምትባለዋን። ጊታሪስቱ ማርክ ኖፕፍለር በመምቻ አይመታም፣ በጣቱ ነው የሚለቅማት፣ የኛ ልጅ ይሄን የነገረው ሰው የለም፣ ቪዲዮ የለ፣ መጽሔት የለ፣ እሱ ግን ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ በጣቱ ነው፣ እንደ ክራር ነው የሚይዛት» አለን። ወር ፈጀበት። ቀን ከጋራዥ ሲመጣ ግድግዳ ተደግፎ አንዷን ስብርባሪ ዜማ ሃምሳ ጊዜ ይደጋግማታል፣ እናቱ ከውስጥ «አንተ ልጅ አላደክምህ አለ?» እስኪሉት። ቃሉን ግን ምንም አያውቅም። ምንም።

እኔ ቃሉን ተረድቼ የሰማሁት ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ስለ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው ሳይሰማቸው ለራሳቸው ስለሚጫወቱ ሙዚቀኞች ነው፣ አንዱ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው፣ ማታ ማታ ይጫወታል፣ ታዋቂ ለመሆንም አይፈልግም። እዛው ተቀምጬ ቀረሁ። ያ ልጅ ካሴቱ ላይ ካሉት ዘፈኖች ሁሉ መርጦ የያዘው የራሱን ታሪክ ነበር፣ ያለ አንድ ቃል እንግሊዝኛ። ስለዚህ ቃሉ ሳይገባ ዘፈን አይገባም የሚለኝን ሰው ከዛን ቀን ጀምሮ አልሰማም።

ሦስተኛው ላይ ግማሹን እቀበልሃለሁ። የእንግሊዞቹ ዘፈን፣ በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ጽፈው ያወጡት፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ስለኛ የሚጠይቀው፣ እኔንም ያመኛል። ኮረም ላይ ረሃብ ያደከመው ገበሬ የጌታን ልደት ቀን ከነሱ በፊት የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ ነው፣ ላሊበላ እዛው ጎኑ ናት። ድሬ ውስጥ ክርስቲያን ያልሆነው ጎረቤቴ እንኳን ታኅሣሥ 29 ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ድፎ ይላክለታል። እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም።

ግን የአሜሪካኖቹንም ዘፈን፣ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን፣ እዛው ጨፍልቀህ «ያው ጌልዶፍ የጻፈው» አልክ፣ እሱ ስህተት ነው። የአሜሪካኖቹን የጻፉት ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ናቸው፣ ሃሳቡን ያነሳው ሃሪ ቤላፎንቴ ነው፣ የተቀዳው ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ሎስ አንጀለስ ነው፣ ኩዊንሲ ጆንስ እየመራው። እነሱም ቢሆን በደንብ አያውቁንም ነበር፣ ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ ቃል እናስገባበት ብሎ ነበር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ እንደማይነገር ሲነገር ነው የቀረው። ይሄን የምነግርህ እነሱን ላወድስ ፈልጌ አይደለም። የማያውቁን ሰዎች ሌሊታቸውን ሰጥተውናል፣ እሱን ነው ማለት የፈለግኩት፣ ሬይ ቻርልስ ሳይቀር እዛ ቆሞ ነበር።

ውርደት ካልክ ደሞ ውርደቱን ቦታው ላይ እናስቀምጠው። መስከረም 77 አብዮቱ 10 ዓመት ሞላው ተብሎ እኛ ተማሪዎች ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ሰልፍ ተለማምደናል፣ በድሬ ፀሐይ፣ ልጅ እየወደቀ በውሃ ይነሳ ነበር። ሬዲዮው በዓሉን ነው የሚያወራው። በኛ ሰፈር የወሎን ነገር መጀመሪያ የሰማነው ከጅቡቲ በባቡር ከመጡ ሰዎች ነው፣ በሹክሹክታ። ዓለም ያወቀው በዛው ጥቅምት የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ገብተው ያነሱትን ፊልም አይቶ ነው። ሰው እየሞተ ዝም የተባለው እዚሁ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለ ዘፋኝ ላይ ስትናደድ እኛ ቤት ውስጥ ለነበረው ዝምታ ምንም ሳትል ማለፍህ ነው ያሳዘነኝ።

አራተኛው። «የካሴት መጋዘን»።

እሺ፣ ካሴት በኛ በኩል ይገባ ነበር፣ አልክድም፣ ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 15 ዓመት ፈጅቶበታል፣ እና ብዙ ነገር እኛ ጋ ቀድሞ መውረዱ የታወቀ ነው። ግን መጋዘን ማለት ዕቃው እንደገባ የሚወጣበት ቦታ ነው። ድሬ እንደዛ አልነበረችም። ያኔ እዚህ ግሪክ አለ፣ አርመን አለ፣ የመን አረብ አለ፣ ህንድ አለ፣ ፈረንሳይኛ የሚያወራ የሽመንደፈር (የባቡሩ ድርጅት) ሠራተኛ አለ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ አንድ ቧንቧ ይቀዳል። እዛ ግቢ የገባ ዘፈን እንደገባ አይወጣም።

አሊ ቢራን ረሳኸው ወይስ አታውቀውም? ድሬ ነው የተወለደው። አፍራን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚሁ ድሬ ሲቋቋም እሱ ገና ልጅ ነበር፣ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመቱ፣ «ቢራ» የሚለው ስም የወጣለት መጀመሪያ ከዘፈነው ዘፈን ነው። አስበው፣ ኦሮምኛ መድረክ ላይ ቦታ ባልነበረው ጊዜ እነዚህ ልጆች ሰርግ ላይ ኡድ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይዘው በቋንቋቸው ይዘፍኑ ነበር፣ መንግሥት እስኪከለክላቸው ድረስ። ከዛ ተበተኑ፣ አሊ አዲስ አበባ ሄደ፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ። አንተ «የአዲስ አበባ ሙዚቃ» የምትለው ውስጥ እኮ ድሬ ቁጭ ብላለች፣ ሳታያት ነው ያለፍካት። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በአደርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአረብኛ ዘፍኗል፣ ይሄን የተማረው የትም ትምህርት ቤት አይደለም፣ የዛ ግቢ ቧንቧ ጋ ነው።

ድምፁን ቀረብ ብለህ ስማው እስኪ። ኡዱ የአረብ ነው፣ ከቀይ ባህር ማዶ የመጣ፣ አካሄዱ ግን የአረብ አይደለም፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር የመጣ የእግር ምት አለበት፣ ትከሻህ ሳታዘው ይሄዳል፣ ከላይ ደሞ ጊታሩ ሲገባ የዘመኑ ፖፕ ነው። ያ ጋራዥ የሚውለው ልጅ እንግሊዞቹን ከመልመዱ በፊት የለመደው አሊን ነው፣ የኡዱን ዜማ ወደ ጊታር እያመጣ፣ እና በኋላ ኖፕፍለርን ሲመታ ድምፁ ቀጥታ ካሴቱን አይመስልም ነበር፣ አንዳንድ ቦታ ላይ አሊ ይገባበታል። ያኔ ተሳስቶ ይመስለኝ ነበር። ሰርግ ላይ ያቺን ዘፈን ሲጀምራት የማታውቃት አሮጊት ሁላ ተነስታ ነበር የምትጨፍረው። ይሄ መጋዘን ከሆነ እንግዲህ ቋንቋው ላይ አንስማማም።

አሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 አረፈ፣ ሬሳው ድሬ መጥቶ ነው የተቀበረው። ያን ቀን እኔ ከቆምኩበት አጠገብ አንድ ባጃጅ ነጂ ዘፈኑን ከፍቶ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅስ ነበር፣ ቢበዛ ሃያ ዓመቱ ነው። እሱስ የማንን ወጣትነት ናፍቆ ነው?

አዲስ አበባን አሳንሼ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በራሱ ድፍረት ሸክላ ማሳተም ባይጀምር ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ግማሹ ነገር አይኖርም ነበር። ሮክ ለኛ ባዕድ ነው ላልከው ደሞ አልደክምም፣ የሮሃ ባንድን ሰላም ስዩም ጊታር ስማ፣ ከዛ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ስማ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ጋር የሠሩትን፣ ከዛ እናወራለን።

አምስተኛው ካሴቱ ነው። ድምፁ ጥሩ አልነበረም፣ ልክ ነህ። በድሬ ሙቀት ደሞ የባሰ ነው፣ መስኮት ላይ የረሳኸው ካሴት እንደ ቂጣ ይታጠፋል። ቲዲኬ 90 ርካሽ ይመስላል፣ ሁለት አልበም ይይዛል፣ ግን ክሩ ከ60ው ይሳሳል፣ ሲሞቅ ቴፑ ይበላዋል። ሲበላው ጎትተህ አታወጣውም፣ ክዳኑን ከፍተህ በእርሳስ ጫፍ ቀስ እያረክ ታላቅቀዋለህ፣ የተጨማደደውን በጥፍርህ ጀርባ ብርጭቆ ላይ ታስተካክለዋለህ፣ ከተበጠሰ ሁለቱን ጫፍ በምላጭ ሰያፍ ቆርጠህ በስኮች ትቀጥለዋለህ፣ ስኮቹ ደሞ በጀርባው በኩል ነው መሆን ያለበት፣ በፊቱ ካረከው የቴፑን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን፣ ያበላሻል። ሄዱን በጥጥና በሽቶ ትጠርጋለህ። መብራት ሲጠፋ የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተህ ትንሽ ነፍስ ትዘራበታለህ። ይሄን ሁሉ የማደርግለት ዘፈን ግማሹን ሰምቼ ወደሌላ አልሄድም፣ እስከመጨረሻው ነው የምሰማው፣ መሀሉ ላይ ያለውን አሰልቺ ቦታም ጭምር፣ እና ያቺ የቫን ሄለን ጊታር በኋላ እንድትገባኝ ያረገኝ እሷ ነገር ትመስለኛለች፣ አልፌያት አላውቅማ።

እጥረትን ናፍቄ አይደለም። ስልክ አለኝ፣ ሁልጊዜም እሰማበታለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው ለሠሩት። በ98 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ወንዙ ዳር የነበረው ቤታችን ውስጥ ያለ አንድ ሳጥን ካሴት ሄዶብኛል፣ ከ200 ሰው በላይ ያለቀበት ጎርፍ ስለሆነ ለካሴት ያለቀስኩት ማንም በሌለበት ነው፣ ዛሬም በሙሉ አፌ አላወራውም። ከሳጥኑ ውስጥ የነበሩትን ዘፈኖች አብዛኞቹን ዛሬ ስልኬ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ስለዚህ «ሁሉም ስልክ ውስጥ አለ» ስትል ምን እያልክ እንደሆነ ይገባኛል።

ግን ሁሉም የለም። ያ ልጅ በ80 ተወሰደ። ከጋራዥ ሲመለስ፣ በቀን ብርሃን፣ በሥራ ልብሱ። አንድ ደብዳቤ ከአሥመራ መጣ፣ ከዛ በኋላ ምንም፣ በ83 ብዙ ወታደር በእግሩ እየመጣ ሲገባ እናቱ ስንት ወር መንገድ ላይ ቆመዋል። ከሱ የቀረች አንዲት ካሴት አለች፣ ጎርፉ ያላገኛት እሳቸው ጋ ስለነበረች ነው፣ በአንዱ ገጽ አሊ ቢራ፣ በሌላው ድሬ ስትሬትስ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ። ከዘፈኑ በፊት ማይኩ ይሠራል አይሠራም ብሎ ሲሞክር የተቀዳ ነገር አለ፣ ሰባት ስምንት ሰከንድ ቢሆን ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ይቺ ካሴት የኔ ናት፣ የወሰደ ይመልስ» ይላል፣ ይስቃል፣ ከኋላ ከጓሮ የሴት ድምፅ ይሰማል፣ ስሙን ጠርታ «ና ብላ፣ ቀዘቀዘ» ትላለች።

እናቱ አሁን ሳቢያን ሰፈር ነው ያሉት፣ ሌላ ልጃቸው ጋ፣ እኛ አዴ ነው የምንላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። አንዳንድ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ የኔን ቴፕ ይዤ፣ የሳቸው ከተበላሸ ቆይቷል። ሳምቡሳ ያቀርቡልኛል፣ ከዛ ራሳቸው «እስኪ አምጣት» ይሉኛል። አስገባላቸዋለሁ። ራሳቸው ልጃቸውን ሲጠሩት ይሰማሉ። የአሊ ኡድ ሲጀምር «በቃ ልጄ፣ አቁማት፣ ክሯ እንዳታልቅብኝ» ይላሉ፣ አቆምና አውጥቼ ወደ መጀመሪያው እመልሳታለሁ፣ በቢክ እስክሪብቶ በእጄ እያሽከረከርኩ፣ በቴፑ ከመለስኳት ይበላታል ብዬ እፈራለሁ።